ኮከቡ ከጠፋ በኋላ የቀረው ጅራት

እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳውቅ፤ ዛሬ ማታ የምጠራቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እየመነዘርኩ ጊዜያችሁን አልፈጅም።

በጁላይ 2005 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካው የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ናሳ 370 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን መሣሪያ ቴምፕል 1 ከተባለች ጅራታም ኮከብ ጋር ሆን ብሎ አላተመ። ከሆዷ ምን እንደሚወጣ ለማየት ነው። ነገሩ ተሳካ፤ ሳይንቲስቶቹም ተቃቀፉ። ተልዕኮውን የመራው በካሊፎርኒያ ፓሳዲና የሚገኘው ቤተ ሙከራ ለሠራተኞቹ የደስታ ዝግጅት አሰናዳ፤ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ታደመ። መድረክ ላይ የወጡት ሙዚቀኞች ሽማግሌዎች ነበሩ። ከነባሮቹ አባላት መካከል ከሰባ ዓመት በታች የሆነ አልነበረም፤ ጊታር መቺው እንዲያውም ሰማንያን ተሻግሯል። የባንዱ ስም «ኮሜትስ» ነው፤ ጅራታም ኮከቦች ማለት ነው። አንዷን ጅራታም ኮከብ ወግተው ሲያበቁ ሌሎቹን ለዘፈን መጥራታቸው፣ ሳይንቲስቶችም ቀልድ እንደሚያውቁ ያሳያል።

የዚህን ባንድ ታሪክ አብዛኛው ሰው የሚያወራው የቢል ሄይሊ ታሪክ አድርጎ ነው። ሄይሊ ዘፋኙ ነው፤ ፎቶው ሽፋኑ ላይ የወጣው፣ ስሙ በትልቁ የተጻፈው እሱ ነው። እኔ ግን ቤዝ ጊታር መቺ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩት ከዘፋኝ ጀርባ፣ ብርሃኑ ከሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆሜ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከጅራቱ በኩል ጀምሬ ባወራው ቅር አትሰኙብኝ።

ሄይሊ በ1925 በሚቺጋን ግዛት ተወለደ። አባቱ የኬንታኪ ሰው ነበር፤ ባንጆ ይጫወታል። እናቱ የእንግሊዝ ተወላጅ ናት፤ ፒያኖ ትችላለች። ገና ሕፃን ሳለ ጆሮው አካባቢ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ምክንያት የግራ ዓይኑ ታወረ። ኋላ በዓለም የታወቀችውን፣ በግንባሩ ላይ ጠምዝዞ የሚያወርዳትን የጸጉር ዘለላ ያመጣት የሰው ዓይን ከታመመው ዓይኑ ላይ እንዲነሳለት ነው ይባላል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ቤተሰቡ ወደ ፔንሲልቬንያ ሄደ። ሄይሊ ያደገው የከብት ጠባቂዎችን ዘፈን እየዘፈነ ነው። ጎረምሳ ሆኖ ባለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ባለ ቦት ጫማ የገጠር ዘፋኝ ነበር፤ ድምፁን እያንቀጠቀጠ በመዝፈንም ስም አውጥቷል። ቼስተር በምትባል የኢንዱስትሪ ከተማ በአንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ተቀጥሮ ሠራ። በ1949 ያቋቋመው ባንድ «ሳድልመን» ይባል ነበር፤ ኮርቻ የለመዱ ሰዎች እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኋላው ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነውና። ባንዱ ሁለት ዓይነት ሰው ነበረው። አንደኛው ወገን ባለ ድርሻ ነው፤ ሄይሊ፣ ፒያኖና አኮርዲዮን የሚጫወተው ጆኒ ግራንዴ፣ ስቲል ጊታር (አግድም አስተኝተው ክሩን በብረት እያንሸራተቱ የሚመቱትን ጊታር) የሚጫወተው ቢሊ ዊሊያምሰን፣ ከእነሱ ጋር ሥራ አስኪያጁ። የሚገኘውን ትርፍ ይካፈላሉ። የቀረው ሁሉ ደመወዝተኛ ነው። ቤዝ፣ ሳክስፎን፣ ድራም፣ ዋናው ጊታር፤ እነዚህ ሁሉ በሳምንት የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ሮክ ኤንድ ሮል የምንለውን ነገር አካልና ጉልበት የሰጡት መሣሪያዎች በደመወዝተኞቹ እጅ እንደነበሩ ልብ በሉልኝ።

በ1951 የቤዙ ተጫዋች ለቀቀ። ሄይሊ በሬዲዮ ጣቢያው አካባቢ ጊታር ይጫወት ወደነበረው ወደ ማርሻል ላይትል ሄዶ «ቤዝ ትመታልኛለህ?» አለው። ላይትል ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቤዝ ነክቶ አያውቅም። ሄይሊም በግማሽ ሰዓት አስተምርሃለሁ ብሎ ያን ትልቁን፣ ቆሞ የሚመታውን ቤዝ አቅፎ አሳየው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ክሩን በጣት ስበህ ትለቀዋለህ፤ ክሩ ተመልሶ እንጨቱን «ጧ» ያደርጋል። ከዚያ ባዶ እጅህን በክሮቹ ላይ ትጥላለህ፤ ሁለተኛ «ጧ»። አንዱ ምት ዜማውን ይይዛል፤ ሁለተኛው ከበሮ ይሆናል። ባንዱ በዚያን ጊዜ ድራመር አልነበረውም፤ የከበሮውን ሥራ የሚሠራው ቤዙ ነው። እኔ ይህን አመታት ከወጣትነት ካለፍኩ በኋላ ሞክሬዋለሁ። በሦስተኛው ዘፈን ላይ የመሐል ጣቴ ውኃ ቋጠረ፤ በአምስተኛው ፈነዳ። ላይትል ደግሞ ምሽቱን ሙሉ እንዲህ ይመታ ነበር። ያም አልበቃ ብሎት ቤዙን እንደ ፈረስ ይጋልበዋል፤ ወለል ላይ አስተኝቶ ከላዩ ይወጣል።

በዚያው በ1951 የፊላደልፊያው የሸክላ አሳታሚ ዴቭ ሚለር ሄይሊን «ሮኬት 88» የተባለውን ዘፈን እንዲቀርጽ አደረገው። ዘፈኑ ጃኪ ብሬንስተን ከአይክ ተርነር ሙዚቀኞች ጋር የሠራው የጥቁሮች ሪትም ኤንድ ብሉዝ ነው። ባለ ባርኔጣ የገጠር ባንድ ይህን ሲጫወት ያልተለመደ ድምፅ ወጣ፤ ጥቁሩ ምት ከታች፣ የገጠሩ ስቲል ጊታር ከላይ። በ1952 «ሮክ ዘ ጆይንት» ተከተለ። ሰዉ ወደደው። ባርኔጣው ወለቀ፤ ቦቱም ተጣለ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ገደማ ስሙም ተለወጠ። የሬዲዮ ጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ የሄይሊን ስም ሰምቶ «ሃሊ ከምትባለው ጅራታም ኮከብ ጋር ይገጥማልኮ!» አለ፤ ባንዱም «ቢል ሄይሊ ኤንድ ሂዝ ኮሜትስ» ሆነ። ቢል ሄይሊና የእሱ ጅራታም ኮከቦች። «የእሱ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሄይሊ ሮክ ኤንድ ሮልን ፈጠረ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስማሙ። ምቱ፣ ጩኸቱ፣ ሳክስፎኑ፣ ቀልዱ ሁሉ ከእሱ በፊት በጥቁር ሙዚቀኞች ዘንድ የነበረ ነው። በ1954 ከሚሊዮን ቅጂ በላይ የሸጠለት «ሼክ፣ ራትል ኤንድ ሮል» የቢግ ጆ ተርነር ዘፈን ነው፤ ሄይሊ የመኝታ ቤቱን ነገር ከግጥሙ አውጥቶ ወደ ማድ ቤት ወሰደው። ነጩ አሜሪካ በሬዲዮው የፈቀደው የታጠበውን ነው። ሄይሊ ግን ከየት እንደወሰደ አልደበቀም፤ እጁም ባዶ አልነበረም። በ1953 ራሱ የጻፈው «ክሬዚ ማን፣ ክሬዚ» በአሜሪካ ብሔራዊ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል ዘፈኖች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ኤፕሪል 12 ቀን 1954 እንሂድ።

ዴካ የተባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ሄይሊን አስፈርሞ ወደ ኒውዮርክ ጠራው። የቀረጻው ቦታ ፓይቲያን ቴምፕል ነው፤ የአንድ የወንድማማች ማኅበር አዳራሽ የነበረ፣ ጣሪያው ሩቅ የሆነ ቤት። ድምፅ እዚያ ውስጥ ሲነሳ ወደ ላይ ወጥቶ ገዝፎ ይመለሳል። ባንዱ በጠዋት ከቼስተር ተነሳ፤ የዴላዌርን ወንዝ የምታሻግረው ጀልባ ግን አሸዋ ላይ ተቀርቅራ ቀረች። ዘግይተው ደረሱ። ከእነሱ በኋላ ስቱዲዮው ለሳሚ ዴቪስ ጁኒየር ተይዟል።

ቀረጻውን የሚመራው ሚልት ጋብለር ነበር። ጋብለር ለዓመታት የጥቁሩን ድምፃዊና ሳክስፎኒስት የሉዊስ ጆርዳንን ሸክላዎች ያሳተመ ሰው ነው፤ ከሄይሊ የሚፈልገውን ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን በዕለቱ ቅድሚያ የተሰጠው ለሌላ ዘፈን ነው። የሃይድሮጂን ቦምብ ፈንድቶ በከተማዋ አንድ ወንድና አሥራ ሦስት ሴቶች ብቻ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን የሚያወራ ዘፈን። እውነቴን ነው። አብዛኛው ሰዓት በዚያ ላይ አለቀ። የቀረችው ጊዜ ለሸክላው ሁለተኛ ገጽ ሆነች፤ ሁለተኛው ገጽ ደግሞ «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» ነው።

ጊታሩን የያዘው ዳኒ ሴድሮኔ ይባላል። የባንዱ አባል አልነበረም፤ የራሱ ቡድን ስለነበረው ከሄይሊ ጋር መጓዝ አልፈለገም፤ ለቀረጻ ብቻ ይጠራል። አዲስ ሶሎ፣ ማለትም ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚሰማበትን ክፍል፣ ለማውጣት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት በ«ሮክ ዘ ጆይንት» ላይ የተጫወተውን ሶሎ ኖታ በኖታ ደገመው። በሮክ ታሪክ ውስጥ በጣም ከተቀዱት የጊታር ሶሎዎች አንዱ ከኪስ የወጣ አሮጌ ሥራ ነው ማለት ነው። ድራሙንም የመታው የባንዱ ድራመር ዲክ ሪቻርድስ አልነበረም፤ ለዕለቱ የተቀጠረ ቢሊ ጉሳክ የሚባል የስቱዲዮ ሙዚቀኛ ነው። በመጀመሪያው ቀረጻ ባንዱ የሄይሊን ድምፅ ዋጠው። በሁለተኛው ድምፁ ጎልቶ እንዲሰማ ተደረገ። ሰዓቱ አለቀ፤ መሣሪያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሁለቱን ቅጂዎች የዴካ ባለሙያዎች ኋላ አዋሃዷቸው።

ሴድሮኔ ለዚያ ቀን የተከፈለው 21 ዶላር ነው። በጁን 7 ለ«ሼክ፣ ራትል ኤንድ ሮል» እንደገና ተጠራ። ከአሥር ቀን በኋላ ከደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ሠላሳ አራት ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። በእሱ ጣት የተመታው ዘፈን ዓለምን ሲያዳርስ አላየም።

ሸክላው ሲወጣ እምብዛም አልሄደም። አሳታሚዎቹ ምን እንደሚሉት ግራ ገብቷቸው «ፎክስ ትሮት» ብለው የጥንድ ዳንስ ስም ጻፉበት። አንድ ዓመት ያህል ከተኛ በኋላ በማርች 1955 «ብላክቦርድ ጃንግል» የተባለው ስለ አስቸጋሪ ተማሪዎች የሚያወሳ ፊልም በዚያ ዘፈን ተከፈተ። ቤታቸው ውስጥ በትንሽ ሬዲዮ ሲሰሙት የነበረውን ወጣቶቹ በሲኒማ ቤት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሰሙት፤ በመቀመጫዎቹ መሐል ተነስተው ጨፈሩ። በጁላይ 9 ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ ስምንት ሳምንትም እዚያው ቆየ። በኖቬምበር በእንግሊዝም አንደኛ ወጣ።

ስኬቱ ባንዱን የሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ላይትል በኋላ እንደተናገረው፣ የደመወዝተኞቹ ክፍያ በሳምንት 175 ዶላር ነበር። ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ሆኖ እያለ እሱ፣ ሳክስፎኒስቱ ጆይ አምብሮዝና ድራመሩ ዲክ ሪቻርድስ 50 ዶላር ይጨመርልን ብለው ጠየቁ። አይሆንም ተባሉ። በሴፕቴምበር 1955 ሦስቱም ጥለው ወጡ። ከስማቸው መጀመሪያ ፊደላትን ቆራርጠው «ጆዲማርስ» የሚባል ባንድ አቋቋሙ፤ ካፒቶል ኩባንያም አስፈረማቸው።

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ ይለኛል። በአንድ የምሽት ቤት እንጫወት በነበረ ጊዜ እኔና ድራመሩ ጭማሪ ጠየቅን። ባለቤቱ «ሰዉ የሚመጣው ዘፋኙን ሊያይ ነው» አለን። ተቆጥተን ወጣን። በሳምንቱ ቅዳሜ በዚያ በኩል ሳልፍ መኪናው እንደ ወትሮው መንገዱን ሞልቶታል። ግድግዳው ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። ቤዙን የሚመታው ልጅ በሁለተኛው ዘፈን ላይ ሁለት ቦታ ሳተ። ከውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። የሳተውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የሄይሊም ነገር ከዚህ አልራቀም፤ ሐቁን መደበቅ አልፈልግም። በተተኪዎቹ ባንዱ አልወደቀም፤ እንዲያውም በረታ። ጊታሩን ከታዋቂው የጃዝ ክላርኔት ተጫዋች ከቤኒ ጉድማን ጋር የሠራው ፍራኒ ቢቸር ያዘ፤ ሳክስፎኑን ሩዲ ፖምፒሊ። ፖምፒሊ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይነፋል፤ አንድም ኖታ አይስትም። በእነዚህ ሰዎች የተቀረጸው «ሲ ዩ ሌተር፣ አሊጌተር» ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። የወጡት ሦስቱ ግን ትልቅ ዘፈን አላገኙም። ከዘፈኖቻቸው አንዱን «ክላራቤላ»ን አራት የሊቨርፑል ወጣቶች በ1963 በቢቢሲ ሬዲዮ ተጫውተውታል፤ ወጣቶቹ ቢትልስ ናቸው። ለጆዲማርስ ኪስ የተረፈ ነገር ግን አልነበረም። ላይትል ቤትና መሬት ወደ ማሻሻጥ ገባ። አምብሮዝ በላስ ቬጋስ የቁማር ቤት ሠራተኛ ሆነ። ሪቻርድስ ወደ ትወና ሄደ።

ቀጣዮቹን ዓመታት ፈጠን ብዬ ልለፍ። በፌብሩዋሪ 1957 ሄይሊ በመርከብ ሳውዝሃምፕተን ሲደርስ፣ ከዚያም በባቡር ወደ ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ሲገባ ግፊያው ከመብዛቱ የተነሳ ጋዜጦች «ሁለተኛው የዋተርሉ ጦርነት» አሉት። በኦክቶበር 1958 በርሊን ስፖርትፓላስት ውስጥ ታዳሚው ወንበር ሰባበረ፤ የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣናትም ሰውየውን የምዕራባውያን ጥፋት ማሳያ አደረጉት። የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ ሁከት ያስነሳው ሰው ሠላሳውን ያለፈ፣ ወፈር ያለ፣ ዓይነ አፋር የልጆች አባት ነበር። ወጣቶቹ በአካል ሲያዩት ግራ ተጋቡ፤ ወጣቱ ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሪስሊ ደግሞ ቀድሞ መጥቷል። ከዚያ የግብር ዕዳ ተከመረ። ሄይሊ ወደ ሜክሲኮ ሸሸ፤ እዚያ ትዊስት የተባለውን የጭፈራ ዘፈን በስፓኒሽ ቋንቋ እየዘፈነ ሌላ ዝና አገኘ፤ «ፍሎሪዳ ትዊስት» የተባለው ሸክላው በሜክሲኮ እጅግ ተሸጠ። በ1969 በኒውዮርክ በተዘጋጀ የመታሰቢያ ኮንሰርት ላይ ገና ሳይዘፍን ሕዝቡ ቆሞ ለበርካታ ደቂቃዎች አጨበጨበለት። ከ1952 እስከ ሞቱ ድረስ ከመቶ በላይ ሙዚቀኞች በዚህ ባንድ ውስጥ አልፈዋል። ሃያ ዓመት ያህል አብሮት የቆየው ፖምፒሊ በ1976 በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ ሄይሊም ብዙ ሳይቆይ ለጊዜው መድረክ ተወ። በ1979 በለንደን በንግሥቲቱ ፊት ተጫወተ፤ በ1980 ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ያ የመጨረሻው ነው። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1981 በቴክሳስ ሃርሊንገን ከተማ በ55 ዓመቱ አረፈ። የመጨረሻ ዓመታቱ የመጠጥና የብቸኝነት ነበሩ፤ እዚያ ላይ መቆየት ደስ አይለኝም።

ታሪኩ በዚህ ያበቃ ይመስላል። ሲያወሩትም አብዛኞቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ።

በ1987 ግን በፊላደልፊያ ለአንድ የክብር ዝግጅት የድሮዎቹ ሰዎች ተፈልገው ተጠሩ። ላይትል መጣ። አምብሮዝ መጣ። ሪቻርድስ፣ ግራንዴ፣ ቢቸርም መጡ። ባለ ድርሻ የነበረው ግራንዴና ጭማሪ የተከለከሉት ሦስቱ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ በአንድ መድረክ ላይ ቆሙ ማለት ነው። ቢቸር ደግሞ በደመወዝ ጠቡ ጊዜ ገና የባንዱ ሙሉ አባል አልነበረም። ድምፃዊ ስላልነበራቸው ጃኮ በዲን የተባለ እንግሊዛዊ ፊት ላይ አቆሙ። አንድ ምሽት ብለው የጀመሩት ሳይታሰብ ኑሮ ሆነ። አውሮፓን እየዞሩ ተጫወቱ፤ አዳዲስ አልበሞች ቀረጹ፤ ብራንሰን በምትባል የሚዙሪ ከተማ ቲያትር ቤት ሠሩ። በስሙ ላይ ክርክር አልጠፋም፤ ሄይሊ ከሞተ በኋላ «ኮሜትስ» ነን የሚሉ ከአንድ በላይ ባንዶች ነበሩ። እነዚህ «የመጀመሪያዎቹ» የሚል ቃል ጨምረው ሄዱ።

ስሌቱን አስቡት። ላይትል ከሄይሊ ጋር የቆየው አራት ዓመት ገደማ ነው፤ ያለ ሄይሊ ኮሜትስ ሆኖ የቆየው ከሃያ ዓመት በላይ። ሰባ ዓመት አልፎት ያን ትልቅ ቤዝ አሁንም ይጋልበው ነበር። ቢቸር በቃኝ ያለው በ2006 ነው፤ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነበር። ግራንዴ በዚያው ዓመት ሞተ። «ሂዝ» የምትለዋ ቃል፣ ያቺ «የእሱ»፣ ከስሙ ላይ ወድቃለች፤ አስፈላጊም አልነበረችም።

በክሊቭላንድ ያለው የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሄይሊን በ1987 መዝግቦታል፤ ለብቻው። ባንዱ ተረሳ። ይህ በሄይሊ ብቻ አልሆነም፤ የዘፋኙ የበዲ ሆሊ አጃቢዎች በነበሩት በክሪኬትስና የዘፋኙ የስሞኪ ሮቢንሰን አጃቢዎች በነበሩት በሚራክልስም እንዲሁ ሆኗል። አዳራሹ ስህተቱን ያረመው በ2012 ነው፤ ስድስት አጃቢ ቡድኖችን በአንድ ምሽት አስገባ፤ ያቀረባቸውም ራሱ ስሞኪ ሮቢንሰን ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ፈጀ። ላይትል በዓመቱ፣ በ2013 ሞተ። ቢቸር በ2014፣ ሪቻርድስ በ2019 በ95 ዓመቱ፣ አምብሮዝ በ2021።

ሸክላውን አምጥቼላችኋለሁ፤ ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ነው። ሄይሊ ሰዓት እየቆጠረ ሲጀምር ለጊዜው ተዉት፤ ዘፋኝ መሰማቱ አይቀርም። ከሥሩ ያለውን «ጧ፣ ጧ» አዳምጡልኝ፤ የሃያ ዓመቱ ላይትል ነው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች የሚንደረደር ጊታር ይመጣል፤ 21 ዶላር የተከፈለው ሴድሮኔ ነው። ሳክስፎኑ ከጊታሩ ጋር ተጣብቆ ሲመላለስ እሱ አምብሮዝ ነው። መርፌውን ላስቀምጠው።